ባለ ሦስት ቁልፍ

አባቴ በፎቶው፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላው፣
ቀጭን ከረባቱ አንገቱን ሲያኮራው፣
ከሦስቱ የኮት ቁልፍ መሐሉ ተቆልፎ፣
የሸሚዙ ጫፍ ከእጅጌው ሥር ተርፎ፣
ግማሽ ጣት፣ ከዚያ የማያልፈው፣
እንደ ደብተር ኅዳግ ብዕር የማይነካው።
ከጀርባው ባሕር አለ፣ በቀለም የተሳለ።
(ደብረ ብርሃን ደግሞ ባሕር ከየት አለ?)

እኔም የሒሳብ መምህር ሆኜ የተቀጠርኩ ለት
ማልኩ፦ እንዲህ ለብሼ ልቆም ከሰሌዳው ፊት።

ግን በምን?
ደሞዝ እንደሁ በኪራይ፣ በዘይት ተገርፎ
ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል ተንጠፍጥፎ።
ስለዚህ ቅዳሜ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣
ቦንዳ ሲፈታ ነው ገበያ የምሄድ።
ውርጩ እንደ መርፌ ጣት እያደነዘዘ፣
ከክምሩ መሐል እጄ እየመዘዘ፣
ስፌቱን ገልብጬ፣ ገበሩን ዳስሼ፣
ሱፉን ከናይለኑ ለይቼ፣ መልሼ…
ሻጩ አንዳርጌማ፦ “መምህር፣ በግ ነው እንዴ
ላቱን የምትመዝነው?” ይለኛል በዘዴ።

ሸሚዝ መጀመሪያ፤ ሰማያዊ፣ ወፍራም፣
ኮሌታው ተቆልፎ ንፋስ አያነሣም።
በሁለት ሽሮ ዋጋ የገባኝ ሸሚዜ
ሁለት ቀን ጦም አዋለኝ ከነደሞዜ።
ካኪ ሱሪ በኅዳር። ወገቡ ሰፊ ነው፤
የማላውቀው ወፍራም ሰው ለብሶ የተወው።
ሹራቡን የመንዝ በግ ሰጠኝ። እትዬ በላይነሽ
ፈትላ ሠራችው፤ “ይሞቅሃል፣ አይዞሽ”
አለች ለሹራቡና ለኔ ባንድ አፍ።
ይሞቃል። ያሳክካልም፤ እንቅልፍ እስኪጠፋ፣ ደረት እስኪላፍ።

ጫማ ግን ከቦንዳ እንቢ አልኩ፤ የሌላ ሰው እግር
አለበት፤ መንገዱን ይዞህ ነው የሚያድር።
ለሱ ዕቁብ ገባሁ። ዘጠነኛው ዕጣ ሲወጣልኝ
ማሰሪያ የሌለው ቡኒ ቆዳ ይዤ ተመለስኩኝ።
ዛሬ ሦስተኛ ሶሉ ነው። ቆዳው ግን ያው ቆዳ።

ኮት ቀረ።
ሁለት ክረምት ሙሉ፣ በማጠናከሪያ፣ በፈተና እርማት፣
ከሱፍ ጨርቅ ጋር ስጨቃጨቅ ከርሜ ገዛሁት፤
ሁለት ሜትር፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ እንደ ጠባሴ ማታ።
ጋሽ ወንዳፍራሽ ዘንድ ገባሁ፣ ፎቶውን አውጥቼ፦
“እንዲህ አርጉልኝ” አልኩ፣ ጣቴን ዘርግቼ።
መነጽሩን ጠርጎ፣ ወደ ደጅ ብርሃን ወስዶ፣
ሳቅ ሲቀድመው ጊዜ ተቀመጠ ፈርዶ።

“ይህን ኮት?
እኔ ነኝ የሰፋሁት።
የፎቶ ቤቱ ነው። ሚስማር ላይ ነው የሚውል።
ስንቱ ጎረምሳ ነው በዚህ ሙሽራ የሚመስል!
ያንተም አባት መጣ፣ ስሙኒውን ቆጥሮ፣
ሩብ ሰዓት ለብሶት ወጣ ጠጉሩን አበጥሮ።
ሰፍቶት ነበር፤ ከኋላ ጨርቁን ሰብስበን
በልብስ መቆንጠጫ ነው ይዘን ያነሣነው እንጂ… ማን
ያያል ጀርባን? ከወገቡ በታችማ ቁምጣ ነበር።”

ዝም አልኩ። መስፊያው ብቻ ያንገራግር ነበር።
የቤታችን ግድግዳ ላይ ሠላሳ ዓመት የኮራው ሰው
ከዚያች ቀን ጀምሮ ጉልበቱ በረደው።

“እና?” አለኝ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ።
“ያንኑ” አልኩ፣ “ያንኑ፤ ልክ እንደሱ አስመስሎ።”
ደረት ለካ። ትከሻ። እጄን አሰቀለኝ።
“ሆድህን አትሳብ፤ ፎቶ አይደለም” አለኝ።

አሁን የኔ ኮት፣ ከበሩ ኋላ፣ ሚስማር ላይ ይውላል።
ሰኔ ላይ ማሙሸት፣ መጨረሻ ወንበር ይቀመጣል፣
“መምህር፣ ለፎቶ…” ብሎ ሳይጨርስ ሰጠሁት።
ለሩብ ሰዓት ነው ብሎ ነበር።
ሰኞ ነው ያገኘሁት።

ኪሱን ብፈትሸው፦ ጥቂት የባቄላ ቆሎ፣
አንድ የልብስ መቆንጠጫ።
ቆሎውን በላሁት።
መቆንጠጫውን እዚያው ተውኩት።